ሆደ ሰፊው

ጁቬናል ከሆስፒታል የወጣ ዕለት፣ በፖርቶ አሌግሬ የሐምሌ ብርድ፣
አምስት ስፌት ነበረው፣ እያንዳንዱ የባቄላ ግርድ።
ከሆዱ የቀረው፣ አለች ነርሷ፣ አንድ ቀጭን ሙዝ ያህላል፤
ሌላው ተቆርጦ ወጥቷል።
ሠላሳ ዓመት ያበላሁትን፣ ያሰፋሁትን፣ ያኮራሁትን ሆድ
እኔን ሳያማክሩ ጣሉት።

መጀመሪያ ውኃ ነበር፣ በመድኃኒት መለኪያ፣
በየሩብ ሰዓቱ አንድ ጉንጭ፣ የስልኩ ጩኸት መጥሪያ።
ከዚያ ቀጭን መረቅ፣ ከአጥንቱ የተጠለለ፣
ከዚያ የተፈጨ ዱባ፣ ጥርስ ለሌለው የቀለለ።
የልጅ ልጃችን ሎሬና ማንኪያዋን አበደረችው፣
ጫፉ ላይ ጥንቸል ያለበት። «እንዳትሰብረው» አለችው።

ማን ይህን ያምናል? ያ ሰው እኮ ሥጋ ጠባሽ ነው፣
በጓይባ ዳር ሃያ ሁለት ዓመት ፍም ፊት የቆመው፣
ጎድኑን በብረት ሰክቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞር፣
«ትንሽ ልጨምርልዎ?» ሲል የሚውል፣ የማይሰስት፣ የማይቆጥር።
አሁንም ይጠብሳል፣ ይቆርጣል፣ ጨው ይነሰንሳል፣
ለራሱ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ያስቀራል፣
ሠላሳ ጊዜ ያኝካታል ተብሏል። እቆጥራለሁ እኔም፤
ሃያ ስድስት ላይ ይውጣታል። አልናገረውም።

ከምግብ ጋር ውኃ ክልክል፣ ጋዝ ያለው ክልክል፤
ፀጉሩ በማበጠሪያ ይወጣል፣ ሱሪው በገመድ ታስሮም ይንጠለጠላል።
ማታ ከጎኑ የላላው ቆዳ እንደ ባዶ ኪስ ይተኛል፤
እጄን ስከትበት ግን ሙቀቱ ያው ነው። እሱም ያንቀላፋል።

እኔ ነኝ ያልተቀደድኩት፣ እኔ ነኝ ያልዳንኩት።
ድስቴ ብዙ ነው የሚያውቀው፤ በትንሹ መቀቀል አልቻልኩበት።
ጥቁሩ ቦሎቄ ለስድስት ሰው ይበስላል፣ ቤት ያለነው ሁለት፤
ምድጃው አጠገብ ቆሜ፣ ከሳህኑ የተረፈውን እጨርስለት።
እሱ አርባ ኪሎ ጣለ፣ እኔ ሰባቱን አነሣሁ፤
ከመንገድ የወደቀ ኮት እንዳገኘ ሰው፣ ዝም ብዬ ለበስሁ።

የሎሬና ልደት ዕለት አንዲት የቸኮሌት ኳስ ሰረቀ፤
ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ላቡ ከግንባሩ ፈለቀ።
ልጆቹ ሻማ ሲያጠፉ፣ እሱ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ
ጉንጩን ከሸክላው ለጥፎ፦ «በሩን ዝጊው፣ ሰው እንዳያይ።»

ድሮ ሆደ ሰፊ ነበር፣ ስድብ ውጦ የሚያድር፣
አውቶቡስ ላይ ሲሳሳቁበት አብሮ የሚስቅ ነበር።
መሃል ያለው መዞሪያ ብረት አያሳልፈውም፤ ሂሳቡን ከፍሎ
ከሹፌሩ ኋላ ከአሮጊቶቹ ጋር ይቆማል፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ጥሎ።
አሁን ጠቧል። ጨው በዛ፣ በር ጮኸ፣ ይቆጣል፤
ወንድሙ ኦዳይር «አሁን ሰው መሰልህ» ሲለው ወንበሩን ይገፋል፦
«በፊት ምን ነበርኩ?» ይለዋል።
ስድቡን የት ያኑረው? ማደሪያውን ከሆዱ ጋር ቆርጠው ወስደውታል።

ማክሰኞ ለክትትል ስንሄድ፣ ልማድ ሆኖበት ከፊት ቆመ።
«ና እንጂ» አልኩት ከወዲያ። ብረቱን በእጁ ዳሰሰ፣ አዘገመ፣
ገፋው። ጠቅ አለ፣ ዞረ። ሸሚዙን እንኳ አልነካውም፤
ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም ዓይኑን አላነሣም።
እሱ ግን ዞሮ አየው፣ ከሹፌሩ ኋላ የቆመውን፣
ኮፍያውን ዝቅ ያደረገውን፣ በሩን የሚሞላውን ጎረምሳ፣ ብቻውን።
በራሱ ሰላም አለው። ልጁ አልመለሰለት።

ተቀመጥን። ስልኩ ጮኸ፤ ከቦርሳዬ አይቡን አወጣሁለት፣
ባለ ጥንቸሉንም ማንኪያ። ግማሹን ለእኔ ገመሰልኝ፤
አልፈልግም ልለው ነበር፣ አየኝ።
አኘክን ሁለታችን፣ ቀስ ብለን፣ ድልድዩን እስክንሻገር፤
እኔ ዐሥራ አንድ ላይ ዋጥሁ። እሱ ገና ይቆጥር ነበር።